ይህ ሽታ የእኔ አይደለም

እናቴን «ጎረቤታችን ናት» ብዬ የካድኳት ከከሰላ ወደ ፖርት ሱዳን በሚበር አውሮፕላን በር ላይ ቆሜ፣ በጠራራ ጠዋት፣ ፈገግ እያልኩ ነው። ለካደ ሰው ዶሮ ይጮኻል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ላይ የጮኸው የሽንት ቤት የጭስ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የምሠራው አርባ ስምንት ሰው በሚይዙ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ሰው በሚያመላልስ፣ ስሙን በማልጠራው ትንሽ ኩባንያ ነበር። የበረራ አስተናጋጅነት የተማርኩት ካርቱም ነው። ጦርነቱ ሲገባ አንድ ሻንጣና አንድ ጥንድ ባለ ተረከዝ ጫማ ይዤ ገዳሪፍ እናቴ ቤት ተመለስኩ፤ ኩባንያው ፖርት ሱዳን ላይ ሥራ ሲጀምር እንደገና ጠሩኝ። ደንብ ልብሴን ስለብስ ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ጸጉሬ ልጥፍ ብሎ ይታሰራል፣ አንገቴ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ አለ፣ ሽቶዬ ከሦስት ወንበር ርቀት ይጣራል። ያን ሁሉ ሽቶ ለምን እንደምነሰንስ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ።

እናቴ ጭስ ሠሪ ናት። ሱዳን ውስጥ ላልኖራችሁ ላስረዳ። እዚህ ሴት ልጅ ልትዳር ስትል ከሠርጉ በፊት ለሳምንታት ጭስ ትሞቃለች፤ ዱኻን ይሉታል። መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ታልህ የሚባል እንጨት በዝግታ ይጨሳል፣ ሙሽራዋ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተከናንባ ከላዩ ትቀመጣለች። ላቧ ይወርዳል፣ ቆዳዋ ይለሰልሳል፣ ሽታው ወር ቢታጠቡት አይለቅም። እናቴ ከመተማ ማዶ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣች የጎንደር ገበሬ ልጅ ናት። አባቴን ወባ ሲወስደው እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ማጭዷን ጥላ ከአንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ዘንድ ይህን ሙያ ተማረች። ማዕተቧን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች የስንቱን እስላም ቤት ሙሽራ አጭሳ ዳረች! ገዳሪፍ ውስጥ ኡም ሰላም ብትሉ የማያውቃት የለም። ሰላም እኔ ነኝ፤ እዚህ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው።

እኔ ግን በዚያ ጭስ ውስጥ አድጌ በጭሱ አፈርኩ። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ዛሬስ ማንን ዳራችሁ?» ስትለኝ ክፍሉ ሁሉ ይስቅ ነበር። ሥራ ስይዝ፣ እናትሽ ምን ትሠራለች ላለኝ ሁሉ «ጨርቅ ትነግዳለች» እል ጀመር። አለቃዬ ኢልሃምም የምታውቀው ጨርቅ ነጋዴዋን ነው።

ታዲያ አንድ ቀን እናቴ ደወለችልኝ።

«አንች ልጅ፣ ሐጂ ኑሩ ልጃቸውን ፖርት ሱዳን ሊድሩ ነው። በአውሮፕላን ነው የምትመጭው ብለው ቲኬት ቆረጡልኝ። ባንች አውሮፕላን!»

ሐጂ ኑሩ ገዳሪፍ የሚኖሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሰሊጥ ይነግዳሉ፣ ትልቋን ልጃቸውን አጭሳ የዳረችውም እናቴ ናት። ደስ አላለኝም ብል ይቀፈኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ደነገጥኩ። «እማዬ፣ አደራ ታጥበሽ ነይ» አልኳት። «ለምን? የቆሸሽኩ መሰለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

በዚያ ጠዋት እናቴና ሐጂ ኑሩ ከገዳሪፍ በመኪና ደርሰው ከሰላ ላይ ሰው መሳፈር ሲጀምር፣ እናቴ መሰላሉን ሳትጨርሰው ሽታዋ ቀደማት። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ አዲስ ቶብ፣ ለብሳለች፤ በአንድ እጇ የሙሽራ ዕቃ ያለበት ቦርሳ ይዛ፣ በሌላው የመሰላሉን መደገፊያ ጭብጥ አድርጋለች። እንጨቱ ከታች ከሻንጣዎቹ ጋር ተጭኗል፤ ታልሁ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ቆዳዋ ድረስ ገብቷል። ኢልሃም የካርቱም ልጅ ናት፣ ሽታውን ወዲያው ለየችው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በአረብኛ፣ «ወይ ጉድ! ይህች ሴት ጉድጓዱንም ነቅላ ነው እንዴ የመጣች? ሀበሻ ትመስላለች፣ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።

«የሰፈራችን ሰው ናት» አልኳት። «ጎረቤታችን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቴ አረብኛውን ከእኔ በላይ ትችለዋለች፤ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ቆማ ሰምታዋለች። ለአንድ አፍታ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም በቃል መግለጽ አልችልም፤ ከዚያ ወዲያው እንደ ልማዷ ዓይኗ ሳቀ። «አይዋ፣ ጎረቤቷ ነኝ» አለች ለኢልሃም። ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ፣ «በይ እንግዲህ ጎረቤቴ፣ ወንበሬን አሳይኝማ» አለችኝ።

ከኋላዋ የነበሩት ሐጂ ኑሩም ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ጥቁር የቆዳ ቦርሳቸውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ፣ «ተይ ልጄ፣ ተይ፣ እኔው» ብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ከእናቴ ራስ በላይ ያለውን የዕቃ ሳጥን ከፍተው ራሳቸው አስገቡት፣ በብርድ ልብስ ጥቅጥቅ አድርገው ሸፈኑት፣ ክዳኑንም ራሳቸው ዘጉት። በትምህርታችን፣ ዕቃውን ሰው ሳይነካው እንዲቀመጥ የሚጨነቅ መንገደኛ ስታዩ ጠይቁ ይባላል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የሐጂን ዓይን የማየት ድፍረት አልነበረኝም።

ተነሳን። የተሳፈሩት ሠላሳ አንድ ነበሩ፣ ብዙ ወንበር ባዶ ነው። የእኔ ቦታ ከኋላ፣ የኢልሃም ከፊት ነው። እናቴ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ማዕተቧን ጨብጣለች። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መብረር ሲጀምር እጇን አወጣችና ጠራችኝ።

«ጎረቤቴ፣ ነይ እይው! የከሰላን ተራራ እኮ ከታች ሳየው እፈራው ነበር። ከላይ ሲያዩት ድፎ ዳቦ ነው።»

«እማዬ፣ ቀስ በይ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እማዬ ማን ናት? እኔ ጎረቤትሽ ነኝ። ውኃ ካለሽ አምጭልኝ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ውኃ አይነፍግም።»

የእናቴ ቅጣት እንዲህ ነው። አትቆጣም፤ እያሳቀች ታቃጥላለች።

ከተነሳን ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ውኃውን ይዤ ስመለስ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ነካው። ጣፋጭ ነገር ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫን የሚኮረኩር። ወዲያው አወቅሁት፤ አሴቶን ነው፤ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት። የእናቴ ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ አለ፣ ሙሽራዋን ሂና ከመቀባቷ በፊት ጥፍሯን ታጸዳበታለች። ጠርሙሱ ፈሰሰ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ስንማር አስተማሪያችን አንድ ቃል ይደጋግም ነበር፤ «ሽታን አትተርጉሙ፣ ንገሩ» ይል ነበር። አውሮፕላን ውስጥ እንግዳ ሽታ የሸተተው አስተናጋጅ ምን እንደሆነ እስኪያውቅ አይጠብቅም፤ የአውሮፕላኑን የውስጥ ስልክ አንስቶ ምን እንደሚሸት፣ የት እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለካፒቴኑ ይነግራል። ሽታ መጀመሪያ ይመጣል፣ ጭስ ይከተላል፣ እሳት ሲመጣ ሰዓቱ አልፏል። ይህን ከእንቅልፌ ሳልነቃ የምመልሰው ጥያቄ ነበር። ግን ብናገር ምን ሊመጣ ነው? ኢልሃም ትመጣለች፣ የእናቴ ቦርሳ ሰው ፊት ይበረበራል፣ ካፒቴኑ ሴትዮዋ ማን ናት ይላል። ስለዚህ ሽታውን ራሴ ተረጎምኩትና ዝም አልኩ።

«ጠርሙስሽ ፈሷል» አልኳት ጎንበስ ብዬ።

«የእኔ ጠርሙስ?» አለች። «የእኔ ጠርሙስ አፉ በሰም የታሸገ ነው።»

«ይሸታላ! አይሸትሽም?»

«ይሸታል፤ የሚሸተው ግን...»

አላስጨረስኳትም። ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር ሳብኩና ወደ ኋላ ወስጄ በላስቲክ ጠቅልዬ ከምግብ ማቅረቢያው ሥር ወሸቅሁት። ከዚያ የሠራሁትን ስጽፈው እጄ ያፍራል። የሽንት ቤት የአየር ሽቶ አንስቼ በመተላለፊያው ላይ ረጨሁ። አስተናጋጅ የሽታ ምንጭ መፈለግ ሲገባት ሽታውን ስትሸፍን! ስምንተኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰውዬ «እፎይ፣ ከዚህች ሴትዮ ጭስ ገላገልሽን» አለኝ። እናቴ ሰማችው። ቶቧን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ስልኩ ጮኸ። ኢልሃም ናት፣ ከፊት።

«ከኋላ ሽታ አለ የሚል ሰው መጣብኝ። ምንድነው?»

«ምንም አይደለም። የሴትዮዋ አሴቶን ፈሶ ነው፤ አንስቼዋለሁ።»

«ለካፒቴኑ ልንገረው?»

«አያስፈልግም፤ አልቋል።»

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ተረት ለእኔ ማደር እንኳ አላስፈለገውም። ስልኩን ገና ሰቅዬ ሳልጨርስ የዘጠነኛው ረድፍ የመጥሪያ መብራት በራ። ሄድኩ። እናቴ ከእንግዲህ እየሳቀች አልነበረም።

«ስሚኝ» አለችኝ። «ቦርሳዬን ወስደሻል አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሽታው ለምን አብሮ አልሄደም?»

ቆምኩ። እውነቷን ነው። ቦርሳው ከኋላ በላስቲክ ታፍኗል፤ ሽታው ግን እዚሁ አለ፣ እንዲያውም ጨምሯል። ከሽቶው ሥር፣ ከታልሁም ሥር፣ ያ ጣፋጭ ነገር አለ፤ አሁን ደግሞ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ነገር ተጨምሮበታል።

«ይህ ሽታ የእኔ አይደለም» አለች። «የእኔ ሽታ የእንጨት ነው። እንጨት ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ጉሮሮ አይቆርጥም። መጀመሪያ አሴቶን ነው ብየ ነበር፤ አሁን ላስቲክም አለው። አንድ ነገር ተደብቆ እየበሰለ ነው።»

ከዚያ ተነሳች። አንድም ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍራ የማታውቅ፣ ሲነሳ ዓይኗን ጨፍና የነበረች ሴት፣ ወንበር ይዛ ቆመችና የእጇን ጀርባ ከራሷ በላይ ባለው ሳጥን ላይ ቀስ እያደረገች ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው። ይህን እንቅስቃሴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሙሽራዋ እንዳትቃጠል የጉድጓዱን ዳር ሁልጊዜ በእጇ ጀርባ ትለካዋለች፤ መዳፍ ሥራ ያደነደነው ስለሆነ ይዋሻል ትላለች። ካርቱም ውስጥም አስተማሪያችን፣ ከግድግዳ ጀርባ እሳት ሲጠረጠር በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱ ብሎ ሲያሠለጥነን፣ እኔ ይህን ከአውሮጳ የመጣ ጥበብ መስሎኝ በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ነው። ሞቋል።»

እኔም ነካሁት። ሞቋል።

ሮጬ አልሄድኩም፤ መሮጥ ክልክል ነው፤ ግን እንዴት ስልኩ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም።

«ካፒቴን፣ ከኋላ ነኝ። ሽታ አለ፤ እንደ አሴቶን ጣፋጭ፣ አሁን የላስቲክ ቃጠሎም ተጨምሮበታል። ዘጠነኛው ረድፍ፣ በቀኝ በኩል ያለው የዕቃ ሳጥን። ጭስ ገና አይታይም። ሳጥኑ ሞቋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ይህች ጥያቄ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። «አሁን ነው» ማለት እችላለሁ። ከኢልሃምና ከእናቴ በቀር የሚመሰክርብኝ የለም። ግን ካፒቴኑ ስንት ደቂቃ እንደቀረው የሚያሰላው በእኔ ቃል ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ተቀምጧል፣ እናቴም እዚያ ቆማለች።

«ሰባት ደቂቃ» አልኩት።

ደግሞ ጠየቀኝ። «ሰባት?»

«ሰባት ነው ካፒቴን። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ቦታውን ማን አገኘው?»

«አንዲት ተሳፋሪ።»

«ተሳፋሪ በምን ታውቃለች?»

ስልኩን እንደያዝኩ ዘወር ስል እናቴ እያየችኝ ነበር።

«እናቴ ናት» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰል፣ ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ። «ጭስ ሥራዋ ነው። እሷ ካለች አለ።»

«እሺ» አለ ካፒቴኑ። «ወደ ከሰላ እመለሳለሁ። አሥራ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እስከዚያ ይዛችሁ ቆዩልኝ።»

ኢልሃም መጣች፤ ምን ሆነሽ ነው ብላ አልጠየቀችኝም፣ ጊዜም አልነበረም። ሰዎቹን ወደ ፊት ወንበሮች ታሻግር ጀመር። እኔ የጭስ ጭንብሌንና ጓንቴን ይዤ፣ የእሳት ማጥፊያውን አውርጄ፣ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ።

«እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለው የማን ዕቃ ነው? ውስጡ ምን አለ?»

ከሳጥኑ ክዳን ጫፍ ቀጭን ግራጫ ክር መውጣት ጀመረች። ያኔ ሐጂ ኑሩ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የእኔ ነው፣ ልጄ። ባትሪ ነው። ለሠርጉ መብራት። መብራት ይጠፋል አሉኝና... ገዳሪፍ ገበያ አንድ ጠጋኝ አሮጌ ባትሪዎች ገጣጥሞ ሠራልኝ። አውሮፕላን አያስገቡትም ብለውኝ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ዋላሂ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።»

ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ በዚያ ጠዋት ዕቃ የደበቁት እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

«ሐጂ» አለች እናቴ፣ «ለልጅዎ ብርሃን ብለው ነው። አሁን ወደ ፊት ይሂዱና ጎንበስ ብለው ይቀመጡ።»

ጭንብሌን አጠለቅሁ። ክዳኑን ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ የማጥፊያውን አፍ አስገባሁና ረጨሁ፤ ዘጋሁት፤ ቆጠርኩ። ስከፍተው ጭሱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ቦርሳው በአንድ ጎኑ ተቃጥሎ ተከፍቷል፣ በውስጡ ቢጫ ነገር ብልጭ ይላል። ያ የስምንተኛው ረድፍ ሰውዬ ካለበት ሆኖ «ብርድ ልብስ ጣይበት! አፍኚው!» እያለ ይጮኻል።

«አታልብሽው!» አለች እናቴ። «የተሸፈነ እሳት ውስጥ ውስጡን ነው የሚሄድ። ውኃ ስጭው!»

ትምህርቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ባትሪ ሲቃጠል አይታፈንም፣ ውኃ እየፈሰሰበት ይቀዘቅዛል። ብርድ ልብሱን ጎትቼ ጣልኩትና የታሸገ ውኃ ማፍሰስ ጀመርኩ። ኢልሃም ጠርሙስ እየከፈተች ታቀብለኛለች፣ እኔ እገለብጣለሁ። ሳጥኑ ከራሴ በላይ ስለሆነ ግማሹ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ይኼኔ ጭሱ ወደ ኋላ ሄዶ ሽንት ቤት ገባና ማስጠንቀቂያው መጮህ ጀመረ፤ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለች እናቴ ከሥሬ።

«ጭስ የሚያሸት መሣሪያ ነው!»

«አሁን ነው የነቃ?»

በዚያ ጭንብል ውስጥ ሳቅሁ። እየሳቅሁ አለቀስኩም መሰለኝ፤ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖብኝ ነበር።

ከሥሬ ያልኩት እናቴ ወደ ፊት አልሄድ ስላለች ነው። መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ ብላ፣ የቶቧን ጫፍ በውኃ አርጥባ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ሰዎቹን በአረብኛ ታዛቸው ነበር። «አንገታችሁን ድፉ! በአፍንጫችሁ፣ ቀስ ብላችሁ! ጭስ ቀና ያለውን ነው የሚያገኝ!» ለሙሽሮቿ የምትለውን ነው። ስትጮህ የነበረች አንዲት ልጅ እግር ዝም ብላ ቶቧን ስታረጥብ አየሁ። ሰው ሁሉ ያዘዘችውን ያደርጋል፣ ምክንያቱም ድምፅዋ ውስጥ ምንም ፍርሃት የለም።

«እማዬ፣ ሂጂ ወደ ፊት!» አልኳት።

«ጎረቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ።

ቀሚሴን በአንድ እጇ ይዛ ነበር። እስክናርፍ አልለቀቀችውም።

ሁለት ጊዜ እንደገና ተቀጣጠለ፣ ሁለት ጊዜ አጠጣነው። ጎማው የከሰላን መሬት ሲነካ ቦርሳው የራሰ ከሰል ሆኖ ነበር። በሩ ሲከፈት ንጹሕ አየር ገባ፤ የእሳት አደጋ መኪናው ቆሟል፤ ሠላሳ አንዱም በእግራቸው ወረዱ። ሐጂ ኑሩ ከመሰላሉ ሥር ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፉ። እኔ ተንበርክኬ ሳይሆን ተዝለፍልፌ ተቀመጥኩ።

ኢልሃም አጠገቤ መጣች። ፊቷ ጥላሸት ነክቶታል። እናቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«ስልኩ ላይ ያልሽውን ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ጎረቤታችን ያልሽኝስ ማን ናት?»

አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «ጎረቤቷ ነኝ አላልኩሽም?» አለቻት፣ ሆዷን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች። «ዘጠኝ ወር እዚህ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ኖረናል።»

ኢልሃም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እኔ እናቴን አቀፍኳት። አንገቷ ሥር ፊቴን ቀብሬ፣ ስሸሸው የኖርኩትን ያን የታልህ ሽታ ከቃጠሎው መሃል ለይቼ ማግ አደረግሁት። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ምንን?» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ «እዚያ በር ላይ አመመኝ፣ አልዋሽሽም። ልጄ አይደለሽ? ግን ስልኩ ላይ ስትናገሪ ዳንኩ» አለችኝ። ከዚያ በላይ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

በዚያው ቀን ሪፖርት እንድሞላ ቅጽ ተሰጠኝ። ሽታው መጀመሪያ የተሸተተበት ሰዓትና ለካፒቴኑ የተነገረበት ሰዓት የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉት። ሁለቱንም እንደሆነው ሞላሁ። «ምንጩን ያገኘው ማን ነው» በሚለው ቦታ የእናቴን ስም ጻፍኩ፤ ሥራ በሚለው «የሙሽራ ጭስ አዘጋጅ»፤ ዝምድና በሚለው «እናቴ»። ኩባንያው አላባረረኝም። አንድ ወር ከሥራ አግደው እንደገና እንድሠለጥን ወሰኑብኝ፤ ካፒቴኑ «ሰባት ብለሽ ባትናገሪ ነበር የምትባረሪው» አለኝ።

በዚያ የእገዳ ወር የት የነበርኩ ይመስላችኋል? እናቴ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው አለች፣ ሐጂም እንዲሁ፤ እኔም ሥራ ፈት ስለነበርኩ የእንጨቱን ጆንያ ተሸክሜ አብሬ ሄድኩ። ፖርት ሱዳን፣ የሙሽራዋ ግቢ ውስጥ፣ ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ታልህ ለኮስኩ፣ ዳሩን በእጄ ጀርባ ለካሁ። «መዳፍሽን አትመኝው» ትለኛለች እናቴ ከኋላዬ። በሠርጉ ዕለት እንደተፈራው መብራት ጠፋ፤ ሐጂ ኑሩ ወደ እኔ አዩና ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። ሰው በስልኩ መብራት ጨፈረ፣ ሙሽራዋም አማረባት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ አንድ ሽታ ሲሸታችሁ፣ ቤታችሁም ይሁን መኪናችሁ፣ ምን እንደሆነ ራሳችሁ ወስናችሁ ዝም አትበሉ፤ ንገሩ። እኔ አፍንጫዬ ደህና ነበር፤ ሽታውን ያገኘሁት ከማንም ቀድሜ ነው። ያሳሳተኝ እፍረቴ ነው። ያፈራችሁበትን ነገር ጥፋተኛ ለማድረግ ልባችሁ ምንጊዜም ይቸኩላል፤ እናቴን በዚያ ሽታ የከሰስኳት እኔ ነኝ፣ የሰባት ደቂቃውን ዕዳ ግን ሠላሳ አንድ ሰው ሊከፍልልኝ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

ወሩ አልቆ ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ደንብ ልብሴን ለበስኩ። የሽቶዬን ጠርሙስ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ወር ሙሉ የታልህ ጭስ ሳነድ ስለከረምኩ ጸጉሬም፣ ቆዳዬም፣ ሻርፔም እናቴን እናቴን ይሸታል። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ፣ ተሳፋሪ ከመምጣቱ በፊት፣ ከኋላ ሆኜ ስልኩን አነሳሁ።

«ካፒቴን» አልኩት፣ «እንግዳ ሽታ አለ። የታልህ ጭስ ነው።»

«የት ነው?» አለ፣ ድምፁ ወዲያው ተቀይሮ።

«ከኋላ። አያሳስብም። ምንጩ እኔ ነኝ።»